የቲሩፑር መያዣ

ትርንጎ ሻንጣዋን እየጎተተች ከባቡር ስትወርድ፣ በደቡብ ሕንድ ያለው የቲሩፑር ጣቢያ በከበሮና በጡሩንባ ተቀበላት። ከኋላዋ ሚኒስትር ወይም ዘፋኝ ያለ መስሏት ዞር ብላ አየች። አንድ ሽማግሌ ብቻ በራሱ በሚሄድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመጣል። እሱም ያጨበጭባል፤ የሚያጨበጭበውም ለእሷ ነው።

ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ቀጭን ሰው ቀረብ ብሎ የጃስሚን አበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አጠለቀላትና ሁለት መዳፉን ገጥሞ እጅ ነሣ። በታሚልኛ የተናገረውን ጆሮዋ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ ተቀብሎ፣ እንደ ዜና አንባቢ ኮስተር ባለ ድምፅ በአማርኛ አሰማት።

“የሕፃኗ አያት፣ እንኳን ደህና መጡ። ሙቱ እባላለሁ። የሠፈሩ የልደት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነኝ።”

“የቷ ሕፃን?” አለች ትርንጎ። “ልጄ እንደሁ ገና አልወለደች!”

ሙቱ በኩራት ወደ ላይ አመለከተ። ሌላ አገር የባቡር ሰዓት በሚለጠፍበት ቦታ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ያበራል። ሰሌዳው ላይ ያለው የአራት ሕፃናት ሥዕል ነው።

“በከተማችን የሚጠበቁት እነዚህ ናቸው” አላት። “አራተኛዋ የእርስዎ ናት። ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት። ዛሬ ጠዋት ስቅታ ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።”

ትርንጎ የልጅ ልጇ ሴት መሆኗን የሰማችው እንዲህ ባቡር ጣቢያ ቆማ ነው። ደስ ይበላት ወይስ ትቆጣ ለጊዜው ግራ ገባት። ኋላ ግን ደስታው አሸነፈና እዚያው እንደቆመች እልልታዋን አቀለጠችው። ሙቱ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያያት ቆየና፣ ከቻሉ እባክዎ ይድገሙልን ሲል ለመናት። ደገመችላቸው።

ትርንጎ የኮምቦልቻ ሰው ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከፈታይነት ተነሥታ ፈረቃ መሪ እስከ መሆን ደርሳ ጡረታ ወጥታለች። ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ሠፈሯ በዶሮ አይነቃም፤ በልጅ ጩኸት ነው የሚነቃው። ሁለት ወንዶች ልጆቿ እዚያው ጎረቤት ወልደው ከብደዋል። ታናሺቱ ስመኝ ግን የልብስ ንድፍ ልትማር ቲሩፑር መጥታ፣ ኢላንጎ የሚባል የአገሩን ልጅ አግብታ በዚያው ቀረች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ይህ ለትርንጎ ክርክር የሚነሣበት ነገር አልነበረም። የመጣችውም ልጇን ይዛ ልትመለስ ነው። ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ደግሞ በሆዷ አለ፤ ስመኝን አንዴ ኮምቦልቻ ካደረሰቻት መልሳ የመስደድ አሳብ የላትም።

ስመኝ ጣቢያ ያልመጣችው ኮሚቴው ፀሐይ ላይ እንዳትቆም ስለለመናት ነው። የቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ሳቁ። ኢላንጎ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ቅንድቡ የተጋጠመ ወጣት ነው፤ “እማዬ” የምትለዋን አንዲት የአማርኛ ቃል አጥንቶ ኖሮ በየመሀሉ ይደጋግማታል። እናትና አባቱ በሕይወት የሉም። ያሳደገችው አያቱ ፖናማል ሳሎኑ መካከል በሰንሰለት በተንጠለጠለ የእንጨት ዥዋዥዌ ላይ ቁጭ ብላ፣ በእግሯ ጣት ብቻ መሬት እየነካች ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ሰማንያን ተሻግራለች፤ ጥርሷ ግን አንድም አልጎደለ።

“የልጅሽን ፊት ከየት እንዳመጣችው አሁን ገባኝ” አለቻት ለትርንጎ። “ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። ሁለት ሰው ይችላል።”

በማግስቱ ጠዋት እናትና ልጅ ሊንሸራሸሩ ወጡ። መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ዛፉ ሁሉ እንደ ፀጉር ተከርክሟል። ስመኝ ገና አንድ እግሯን ከእግረኛ መንገድ ላይ ስታወርድ፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ያለው መኪና ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት አሮጊት በረንዳዋን ተደግፋ፣ “ስመኝ! ጨው ቀንሺ!” ብላ ጮኸች።

“የማታውቅሽ ሴት ስለ ጨውሽ ምን አገባት?” አለች ትርንጎ።

“ሐኪሙ የምርመራ ውጤቴን ለሠፈሩ ሁሉ ይልካል።”

“በማርያም! አንቺስ ዝም ትያለሽ?”

“መጀመሪያ ተናድጄ ነበር” አለች ስመኝ። “ኋላ ሳስበው፣ እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት ሌላ ምንም ነገር የላቸውም። ለመድኩት እማ።”

እውነትም ከተማው የሽማግሌ ከተማ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ልጅ ይበቃናል ያሉ ወላጆች የወለዷቸው ልጆች አድገው፣ አንድም ይከብዳል አሉ። የእነዚያ ልጆች ደግሞ ነገሩን ጨርሰው ረሱት። ፋብሪካዎቹ በዚህ አልተጎዱም። ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፣ ሰው አይጠይቁም። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ሞልቷል፤ የጎደለው የሚኖርበት ሰው ነው።

መናፈሻው ዘንድ ሲደርሱ ትርንጎ ፊቷ በራ። ከዛፎቹ ጀርባ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ የሚሯሯጡ፣ የሚሳሳቁ፣ ‘አንተ ነህ የጀመርከው’ እየተባባሉ የሚካሰሱ። “ልጆች አሏችሁ እንዴ!” ብላ ፈጠን ፈጠን አለች። ከዛፉ ጀርባ ግን ልጅ አልነበረም። አግዳሚዎቹ ላይ አዛውንቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጫጫታው የሚመጣው ምሰሶ ላይ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ነው።

“ድሮ የተቀረጸ ነው” አለች ስመኝ ቀስ ብላ። “በየጠዋቱ ይከፈታል።”

ሙቱ አንዱ አግዳሚ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ገልጦ ሲያያቸው ብድግ አለ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ እንዲህ አለ፦ “ይስሙ፣ ይስሙ… ይቺ ኳሱን ስጠኝ የምትለው ታላቅ እኅቴ ናት። አሁን የሚያለቅሰው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር።”

ትርንጎ ቀና ብላ ድምፅ ማጉያውን፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን አየች። ልጁ ያለቅሳል፤ ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ያዳምጣል።

“ኳሱን ሰጠሃት?” አለችው።

“አልሰጠኋትም” አለ ሙቱ። “ምነው በሰጠኋት ኖሮ።”

ከዚያ፣ የድሮ ፈታይ መሆንዎን ሰምቻለሁ፣ ፋብሪካችንን ሳያዩ አይሄዱም ብሎ ይዟት ሄደ። ትርንጎ እንደዚያ ቀን ልቧ የተነካበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጥጡ ሽታ ያው የኮምቦልቻው ነው። ማሽኖቹ ግን በወታደር ሰልፍ እንደቆሙ፣ ማንም ሳይነካቸው ክሩን ጎርሰው የሕፃን ካልሲ፣ ካናቴራ፣ ኮፍያ ይተፋሉ። ሎሚ የምታክል ጭንቅላት የሚገባባት ቢጫ ኮፍያ ብድግ አድርጋ አየቻት። ከተማው የዓለምን ሕፃናት ሁሉ ያለብሳል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የሚጫነው ወደ አፍሪካ ነው። በየማሽኑ አጠገብ አንዳንድ አሮጌ ወንበር አለ፤ በየወንበሩም የድሮ ሠራተኞች ተቀምጠው ቡና በወተት ይጠጣሉ። ሥራ የላቸውም። ማሽኑን ደህና አደርክ ሊሉት ነው የሚመጡት።

“ስመኝን ለምን እንደቀጠርናት ያውቃሉ?” አላት ሙቱ። “እንግሊዝ አገር የተማሩ ነዳፊዎች ነበሩን። የልጅ ሱሪ ቀድሞ የት ጋ እንደሚቀደድ ስንጠይቃቸው ግን መጽሐፍ ያገላብጣሉ። እሷ ሳቀችብን።”

“ጉልበቱ ጋ ነዋ!” አለች ትርንጎ፣ እሷም ሳቀች።

ቤት ስትመለስ ግን ሳቋ ጠፋ። ኢላንጎ ደስ የሚላት መስሎት፣ ሠፈሩ ለሕፃኗ ስም እየመረጠ መሆኑንና ‘ማላር’ የሚለው በሰፊ የድምፅ ልዩነት እየመራ መሆኑን ነገራት።

“ስም በምርጫ ይወጣል?” አለች ትርንጎ ለስመኝ፣ ጓዳ ጠርታት። “ልጅቷ የማን ናት? ስሚኝ ልጄ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁ። እኔ ቤት ትወልጃለሽ። ጎረቤቱ ማርያም ማርያም እያለ፣ ገንፎሽን እኔ እያገነፋሁ።”

የስመኝ ዓይን እንባ አቀረረ። “እኔም ሌላ አልፈልግም። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የአምባር ማልበሻው በዓል ነገ ነው። መላ ሠፈሩ ለዚያ ሲዘጋጅ ከረመ።”

“አብሽሪ” አለቻት ትርንጎ። “እኔ እነግራቸዋለሁ።”

በዓሉ የተደረገው በሠፈሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። እርጉዟ ሐር ለብሳ መካከል ትቀመጣለች፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ የብርጭቆ አምባር እጇ ላይ ያጠልቃሉ፣ ጉንጯን ሽቶ ባለው ቢጫ ዱቄት ይቀባሉ። ሕፃኗ በማኅፀን ሳለች የአምባሩን ድምፅ ትሰማለች ይላሉ። ስመኝ እስከ ክርኗ ቀይና አረንጓዴ ሆነች፤ እጇን ባነሣች ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይላል። አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ እስከ ደጅ ቆሟል። ከስመኝ ሌላ፣ ከመላው ሕዝብ መካከል ከአርባ በታች የሆነ ሰው ትርንጎ ፈልጋ ያገኘችው ኢላንጎን ብቻ ነው።

ተራዋ ሲደርስ አምባሯን አጠለቀች፣ ልጇን ሳመች፣ ከዚያም ቀና ብላ ተናገረች።

“ወገኖቼ፣ ልጄን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቃችኋታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእኛ አገር ግን የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ይዣት እሄዳለሁ።”

አስተርጓሚው ይህን በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በታሚልኛ ተናግሮ ሲጨርስ፣ አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመረች። ሙቱ ተነሥቶ እጅጌው ላይ ወዳለው መገናኛ ዝቅ ብሎ አንሾካሾከና ቀና አለ።

“ችግሩ የእናት ቤት አለመኖሩ ነው እንጂ ሌላ አይደለም አይደል? ከስመኝ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ አንድ ቤት አለ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የእርስዎ ነው። መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?”

እንዲህ ያለ ደግነት እንዴት ተብሎ እምቢ እንደሚባል ትርንጎ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ፖናማል ከወንበሯ ሳትነሣ ጠየቀች።

“ሙቱ፣ አንተ የት ተወለድክ?”

“ኢሮድ ከተማ።”

“አባትህ ቲሩፑር ውስጥ ቤት አልነበረውም?”

“ነበረው እንጂ። ኢሮድ የእናቴ እናት…” ሙቱ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ።

“እጇ በአምባር የሞላ ሴት በማግስቱ እናቷ ቤት ትሄዳለች” አለች ፖናማል። “ይህ በዓል የተሠራው ለዚሁ ነው። አምባሩን ይዘን መንገዱን ረሳነው። ደግሞ እስካሁን ልጅቷን የጠየቃት ሰው የለም።”

ሁሉም ወደ ስመኝ ዞሩ። ስመኝ እጇን ከሆዷ ላይ አነሣች፤ አምባሩ ጮኸ።

“እናቴ ቤት መውለድ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ” አለች።

‘ቤቴ’ ያለችው ይህን ከተማ ነው። ቃሉ ትርንጎን እሾህ እንደረገጠ ሰው አደረጋት።

“ይመልሷታል?” አለ ሙቱ፣ ልጅ በሚለምንበት ድምፅ። “ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይመልሱልናል?”

እሺ ማለት ቀላል ነበር። ትርንጎ ግን መሬት መሬት አየች።

“እኔ አብሬ እሄዳለሁ” አለች ፖናማል። “ስታርስ እጠብቃታለሁ፤ ስትጠና ይዤያት እመጣለሁ። የከተማው መያዣ እኔ ነኝ። ይበቃችኋል?”

ፖናማል ያለችው ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ስላልነበር፣ በቃቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ዥዋዥዌው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። ፖናማል በእግሯ ጣት መሬቱን ገፋ አድርጋ፣ “ልትመልሻት አላሰብሽም ነበር” አለች።

“አላሰብኩም” አለች ትርንጎ። “እንዴት አወቁብኝ እማማ?”

“እኔም ብሆን አልመልስም። እኔ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ እሱም አንድ ልጅ ወልዶ ሞተ። እንደ አንቺ ቤቱን የሚሞሉ ቢኖሩኝ ኖሮ እንኳ ከእነሱ አንዷን ለማንም አልሰጥም ነበር።” የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ጨበጥ አደረገች። “ግን የኢላንጎንም ፊት አይተሻል። የሴት ልጁን የመጀመሪያ ጥርስ በስክሪን እንዲያይ ትፈርጂበታለሽ?”

ዥዋዥዌው ይወዛወዝ ነበር፤ አንዴ በአንዷ እግር፣ አንዴ በሌላዋ።

ኮምቦልቻ በደረሱ በጥቂት ሳምንት ስመኝ ምጥ ተያዘች። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ማርያም ማርያም አለ፤ የግንቡ ማዶ ጎረቤት ሐጂ ሙሄም ከበራቸው ሳይነቃነቁ ዱዓ አደረጉ። ልጅቷ እንደ ተወለደች በስክሪኑ ላይ የቲሩፑር አዳራሽ ሙሉ ሰው ታየ። እልልታ ተለማምደው ኖሯል፤ ዜማው ባያምርም ከልብ ነበር። ስመኝ ስሟን ማላር አለቻት። ትርንጎ ልትቆጣ ስትል ማላር ማለት አበባ ማለት መሆኑን ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ እሷ አበባ እያለች ስትጠራት ማንም አልተቀየመም።

ፖናማል ለጥበቃ ነበር የመጣችው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአራሷ አልጋ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ንጹሕ አየር ልትቀበል ደጅ ወጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የሠፈሩ ልጆች ከበቧት፣ የአፍንጫዋን ጌጥ ነኩት፣ ስምሽ ማነው አሏት። አንዲቱ ቅልሞሽ ትጫወት ነበር፤ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ ስትቀልብ ፖናማል ዓይኗ ፈጠጠ። ይህንኑ ጨዋታ፣ በአምስት ጠጠር፣ ቲሩፑር ውስጥ ልጅ ሳለች ስትጫወተው ነው ያደገችው። ካቆመች ሰባ ዓመቷ ነው፤ አብሯት የሚጫወት አልነበረም። እጇን ዘረጋች።

ከዚያ ቀን በኋላ ፖናማልን ቤት ውስጥ ማግኘት ቸገረ። ደጅ በወጣች ቁጥር አስተርጓሚዋን አውልቃ ትተወዋለች፤ ከልጆቹ የምትማረው አማርኛ በቂ ነበር። የምታውቀው ‘ተራዬ ነው’፣ ‘አልነካሁም’፣ ‘ውሸታም’ የሚሉትን ነው። ትርንጎ በመስኮት ስታያት፣ ጠጠሩን በቀሚሷ ጫፍ ደብቃ ስታጭበረብርና በሰባት ዓመት ሕፃን ተይዛ ስትክድ ትደርስባት ነበር።

ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ኢላንጎ ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ መጣ። ትርንጎ ይህን ቀን ስትፈራው ከርማለች። ግን ኢላንጎ ልጁን ሲታቀፍ ቅንድቡ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ጓዳ ገባችና የስመኝን ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። በሶውን፣ ቅቤውን፣ ሹራቡን እያጠፈች ስትከት እንባዋ ያመልጣታል፣ በክርኗ ትጠርገዋለች። ስመኝ ከኋላዋ መጥታ አቀፈቻት።

“እማ፣ በየዓመቱ እመጣለሁ።”

“ሁሉም እንደዚያ ይላል” አለች ትርንጎ።

የመሄጃው ጠዋት ሁሉም ተዘጋጅቶ ፖናማል ጠፋች። ኢላንጎ ሮጦ ከወንዙ ዳር ከልጆች መካከል አገኛት።

“አያቴ፣ መኪናው ቆሟል! ዕቃሽ የታለ?”

“ደህና ግቡ” አለችው ፖናማል፣ ከጠጠሩ ዓይኗን ሳታነሣ።

ነገሩ ወሬ ሆኖ ሁሉም ተሰበሰበ። ሙቱም በስክሪን ተጠራ፤ ቃል ገብተሽልን ነበር እኮ አላት።

“ቃሌን ጠብቄያለሁ” አለች ፖናማል። “ልጅቷ እየመጣችላችሁ ነው። ለእናንተ የነበረው መያዣነቴ አለቀ።” ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች። “አሁን ደግሞ ለዚህች መያዣ ነኝ። ኢላንጎ አያቱን ሳያይ አንድ ዓመት አያድርም፤ እኔን ሊያይ ሲመጣ እነሱን ባዶ ቤት ትቶ አይመጣም። ስመኝን ካመንሻት ልሂድ። ካላመንሻት ግን እንዳትዋሺ።”

ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች። “ይቀመጡ እማማ” አለች። “ቤቱ የእርስዎ ነው።”

ኢላንጎ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው የአያቱን እግር ነክቶ ተመረቀ። ስመኝ ሕፃኗን ፖናማል ጉልበት ላይ አስቀምጣ ቆየች። ከዚያ ሄዱ።

ትርንጎ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትመለስ ቤቱ ሰፋባት። አልጋውን አየች፤ የተረሳች ትንሽ ካልሲ መሬት ላይ አገኘች። ደህና አድርጌ ላልቅስ ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ ፖናማል ከወጥ ቤት ጭልፋ ይዛ ብቅ አለች።

“ይህን ወጥ ማን ነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ። ምን ሆነ?”

“ቃሪያ የለው፣ በርበሬ የለው። የሕመምተኛ ምግብ ነው” አለች ፖናማል።

ትርንጎ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ወጥሽ አያቃጥልም ያላት ሰው ግን በወሎ ምድር አልተፈጠረም። እንባዋ ከዓይኗ ጫፍ ተመለሰ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፣ የበርበሬውን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተች።

“እንግዲያስ ይቀመጡ” አለች። “ማን እንደሚያለቅስ እናያለን።”